የአባ ቸር የመድኃኒት ውሃ

ዓሣ ልገዛ ወጥቼ ጠብ ገዝቼ ተመለስኩ። የእረፍት ቀኔ ነበር። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማጥብ ነርስ ነኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቁስል ሳይ ስለምሰነብት፣ በእረፍቴ ቀን እንኳ ትኩስ ዓሣ ይዤ ቤቴ ልግባ ብዬ ነው ከከተማው ዳር ወዳሉት የዓሣ ኩሬዎች የሄድኩት። ቁጡ ሰው መሆኔን ከወዲሁ ልናገር፤ ይህን የሚያነብ ሰው በኋላ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳይል።

ኩሬዎቹ በአንድ ቁልቁለት ላይ እንደ ደረጃ ተከታትለው ተቆፍረዋል። ከሁሉም በላይ ያለው የአባ ቸር ነው። ሽማግሌው ሌላ ስም ነበራቸው አሉ፤ ነገር ግን ቸርነታቸው ስማቸውን ስላስረሳው ትንሽ ትልቁ የሚጠራቸው አባ ቸር እያለ ነው። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሽቅብ ሲጣደፉ ነው።

«ሲስተር፣ እንደምን ዋልሽ! ዛሬ ዓሣ የለም፤ ታመውብኛል። አሁን መድኃኒት እበትንላቸዋለሁ። ሻል ሲላቸው ነይ፣ የወፈረ የወፈረውን መርጬ እሰጥሻለሁ» አሉኝ።

ከጆንያው አፍ ቢጫ ዱቄት እየረገፈ ኮታቸውን አልብሶታል። አወቅሁት። እኛ ክሊኒክ ለሰው የምንሰጠው የባክቴሪያ መድኃኒት ዘመድ ነው።

«አባባ፣ ይህን ማን አዘዘልዎት?»

«ማን ያዘኛል? በኩሬዬ ላይ አዛዡ እኔ ነኝ!» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ሳያልቅ አንዲት ወጣት ከኋላችን እየሮጠች ደረሰች። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የዓሣ ሕክምና ተምራ የመጣች። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር። በአንድ እጇ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥላለች። እኔን በአንገቷ ሰላም ብላ አጎቷን አልፋ ሄደችና፣ ከኩሬው በታች ባለው የውሃ በር የብረት እጀታ ላይ ቁጭ አለች።

እዚህ ላይ የዚያን ቁልቁለት ልማድ ማስረዳት አለብኝ። ዓሣው የታመመበት ሰው ኩሬው ውስጥ መድኃኒት በትኖ ውሃው ቢጫ ሲሆን፣ የታችኛውን በር ይከፍትና መድኃኒት የቀመሰውን ውሃ ለጎረቤቱ ይለቃል። ጎረቤቱም ቀሪውን ለቀጣዩ ይለቃል። «ማካፈል» ይሉታል። መድኃኒት በትኖ በሩን ያልከፈተ ሰው ንፉግ ይባላል፤ ጎረቤቶቹ ሰላምታ እስከ መንሳት ይደርሳሉ። አባ ቸርም ስማቸውን ያገኙት በዚህ ነው። ለራሳቸው ዓሣ ባይበቃ እንኳ ለታችኛዋ ጎረቤታቸው ሳያካፍሉ ውለው አያውቁም።

«ተነሺ ከበሩ ላይ» አሉ አባ ቸር ጆንያውን እያወረዱ።

«አልነሳም፣ አጎቴ። በአክብሮት ነው የምለው፤ ግን አልነሳም።»

«እሰይ! በእኛ ጊዜ ለታላቅ ሰው በአክብሮት ይነሱ ነበር። እናንተ ደግሞ በአክብሮት አንነሳም ማለት ጀመራችሁ።»

«ይስቁ ይስቁ። ያለፈው መድኃኒት ምን ሠራልዎት?»

«ጥቂት ቀን ተሽሏቸው ነበር፤ እንደገና ታመሙ። አነሰ ማለት ነው። ዛሬ እጥፍ አድርጌ እበትናለሁ።»

«ከዚያ በፊት የበተኑትስ?»

«እሱም እንደዚያው። መድኃኒቱን እንደ ድሮው አያከብዱትም፤ ነጋዴ ሁሉ ሌባ ሆነ።»

«አጎቴ፣ ነጋዴውን ይተዉት! መድኃኒቱ አይደለም የቀለለው፤ ባክቴሪያው ነው የበረታው። እርስዎ ነዎት ያበረቱት።»

«እኔ?»

«እርስዎ። እፍኝ እፍኝ እየበተኑ፣ ዓሣው ሻል ያለው ሲመስልዎት እያቆሙ። ደካማው ባክቴሪያ ሞተ፤ ብርቱው ተረፈ። የተረፈው ተራባ። እንደገና እፍኝ በተኑ፤ የተረፈው የባሰ ብርቱ ሆነ። መድኃኒቱን ተለማመደው፣ ተማረው!»

«ጀርም ተማረ?» አሉ አባ ቸር ወደ እኔ ዞረው። «ትሰሚያለሽ ሲስተር? እኔ ደጃፉን ያልረገጥኩት ትምህርት ቤት ጀርም ገብቷል!»

አልሳቅሁም። በዚያው ሳምንት ያጠብኩት እግር ታወሰኝ። የአንድ ግንበኛ እግር ነው፤ ሚስማር ወግቶት የቆሰለ። ለወትሮው በሚያድነው መድኃኒት አልድን ብሎ፣ ሌላ ቢቀየርም አልድን ብሎ፣ ሐኪሙ «ይቆረጥ ይሆን?» እያለ ሲያመነታ ግንበኛው ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። ንዴቴ ከዚያ የመጣ ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስቅም» አልኩ። «ልጅቷ ያለችውን እኔ በሰው ገላ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። የአንዱ በሽተኛዬ እግር ከእርስዎ ኩሬ በወጣ ነገር ታመመ አልልም፤ ማንም ሊል አይችልም። ግን መድኃኒት በከንቱ በተበተነ ቁጥር፣ በኩሬም ይሁን በቤት፣ የሚለማመደው ባክቴሪያ ይበዛል። ልምዱንም ለሌላው ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ዞሮ ዞሮ ሰው ጋ ይደርሳል።»

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ነገር ማክበድ ትወዳላችሁ» አሉ። «እኔ ዓሣ ሳረባ ይህች ልጅ አልተወለደችም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ተነሺ አልኩሽ፣ ጎረቤቴ ትጠብቀኛለች!»

እውነትም ጎረቤታቸው መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በዚያች በታችኛዋ ኩሬ ዓሣ ያሳደገች ሴት ናት። ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላት አገር ያውቃል። ባልዲ ተሸክማ፣ ነጠላ ጫማዋ በጭቃ እየተንሸራተተ ስትመጣ ከሩቅ ትጣራለች።

«አባ ቸር! ኧረ አባ ቸር ይድረሱልኝ! ይልቀቁልኝ ውሃውን፣ ዓሦቼ እየተገለበጡ ነው!»

ባልዲውን አስቀመጠችው። የሞቱ ዓሦች ሞልተውበታል። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ዓይናቸው ፈጥጧል፣ ጎናቸው ላይ ደም የቋጠረ ቁስል አለ። ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል።

«አየሽ?» አሉ አባ ቸር ለወንድማቸው ልጅ። «ሰው ሲጨነቅ በር ላይ መቀመጥ ነው የተማርሽው?»

«እትዬ፣ በሩን አልከፍትም» አለች ወጣቷ።

«ምን አደረግሁሽ እኔ?» ሴትዮዋ ቱግ አለች። «ከልጆቼ ጉሮሮ ላይ ምን አለሽ? አጎትሽ ሳይሰለቹ በሰጡኝ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

አፌን በእጄ ያዝኩ። የምትለምነው ዓሦቿን የገደለውን የታመመ ኩሬ ውሃ ነው፤ ያውም እየመረቀች። ከዚያ ወዲያ ቁጣዬን በማን ላይ እንደማወርደው ጠፋኝ። ሽማግሌው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድቦ መሄድ ይቻላል። ደግ ሰው ሳያውቅ ሲያጠፋ ግን የሚጎዱት ሰዎች አመስግነውት ያርፋሉ። እንደ እሱ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ወጣቷ በዚያው እንደ ተቀመጠች የበረዶ ሳጥኗን ከፈተች። ክዳናቸው የታሸገ ሁለት ጠፍጣፋ ሳህኖች አወጣች። ከውስጥ ነጭ ነገር በስሱ ተነጥፎባቸዋል፤ መሐሉ ላይ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ተለጥፈዋል።

«አጎቴ፣ ይቅረቡ። እትዬም ይምጡ። ባለፈው ጊዜ ከሁለታችሁም ኩሬ ሊሞት የደረሰ ዓሣ ወስጄ ነበር አይደል? ይህ ነጩ ከዓሦቹ ሆድ ዕቃ የወጣው ባክቴሪያ ነው። ሳህኑ ላይ ዘርቼ አበቀልኩት። ወረቀቶቹ መድኃኒት የተነከሩ ናቸው። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ባክቴሪያው አይጠጋውም፤ ዙሪያው ባዶ ይሆናል። ይቺኛዋን ወረቀት ይዩ።»

በአንዷ ወረቀት ዙሪያ ሰፊ ክብ ባዶ ቦታ ነበር።

«አየሁ» አሉ አባ ቸር ሳይወዱ።

«አሁን ደግሞ ይህችን ይዩ። ይህች የጆንያዎ መድኃኒት ናት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አጎንብሰው አዩ። ባክቴሪያው ወረቀቷ ጥግ ድረስ ገጥሞ በቅሏል። ምንም አልፈራትም።

«ተደግፏት ነው እንዴ የበቀለው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ተደግፏት ነው፣ አጎቴ። ሁለተኛው ሳህን የእትዬ ነው። ያስተያዩት።»

ሁለቱ ሳህኖች አንድ ዓይነት ነበሩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ወጣቷ ለስለስ ብላ። «የእርስዎ ዓሦች መታመም የጀመሩት ከላይ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ከመጣ በኋላ?»

«ከመጣ በ...» ሴትዮዋ ቃሉን ሳትጨርስ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። «ከመጣ በኋላ። ዘንድሮም፣ አምናም። እኔ ደግሞ የደረሰኝ ቢያንስ ነው እል ነበር። እንደገና እንዲለቁልኝ እለምናቸው ነበር።»

«የሚመጣልዎት ውሃ የታመመ ዓሣ የዋኘበት ነው። በሽታው ሙሉውን ይመጣል፤ መድኃኒቱ ግን ቀጥኖ ምንም የማይገድል ሆኖ ይደርሳል። ባክቴሪያው እየተጓዘ ይለማመድበታል።»

ከዚያ ሴትዮዋ ባልዲውን አንስታ አባ ቸር እግር ሥር ገለበጠችው። ዓሦቹ ጫማቸው ላይ ተንሸራተቱ።

«ስንት ጊዜ አመሰገንኩዎት!» ብላ ጮኸች። «ስንት ጊዜ 'ዕድሜ ይስጥልኝ' አልኩ! ልጆቼን ሳይቀር እጅዎን እንዲስሙ ላክኋቸው! ምስጋናዬን ይመልሱልኝ!»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ሄዱና ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ከሰል መሰለ። እኔ እንደ ነርስ ደም ግፊታቸው አሳስቦኝ ልጠጋቸው ስል እጃቸውን አወዛውዘው ከለከሉኝ።

«ሆን ብዬ መሰለሽ?» አሏት።

«ሆን ብለው ቢሆንማ በሩን ገና ድሮ በዘጋሁት ነበር!»

ከዚህ ንግግር የበለጠ እውነት በዚያ ቀን አልተነገረም። ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ወደ ሳህኑ አመለከቱ።

«ልጄ፣ ያ ዙሪያው ባዶ የሆነው፣ እሱ መድኃኒት ማነው ስሙ? በቶሎ አስመጪውና እሱን እንበትነው። ለሁሉም አካፍላለሁ! ታች እስከ መጨረሻው ኩሬ!»

«አጎቴ!!»

በጩኸቷ ወፎች ከዛፍ ላይ ተነሱ። ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ወጣቷ ከእጀታው ላይ ተነስታ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ እንባዋ እየወረደ ነው የምትናገረው።

«የቀረን እሱ ብቻ ነው! እሱንም እንደ ቢጫው ካስለመድነው ለሚቀጥለው በሽታ ምን ይዘን እንቆማለን? ይስሙኝ። ውሃ ላይ የሚበተን የለም። ዓሣው ገና መኖ እየበላ ሳለ መድኃኒቱ በመኖው ይለወሳል፤ መጠኑ በዓሣው ክብደት ይሰላል። ስሌቱ የእኔ ነው። የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ ይሰጣል፤ ተሻላቸው ተብሎ በመሐል አይቆምም። ካለቀም በኋላ መድኃኒቱ ከሥጋቸው እስኪወጣ አንዲት ዓሣ አትሸጥም፤ ለሲስተርም ቢሆን! የሞተው በየቀኑ ይለቀማል፣ ከኩሬው ርቆ ይቀበራል። ደግሞም እንዲህ ተጨናንቀው፣ የተረፈ መኖ ከኩሬው ሥር እየበሰበሰ በምን ጤና ይኖራሉ? ግማሾቹ ከጎን ወዳለው ባዶ ኩሬዎ ይዛወሩ።»

«መድኃኒት ብላት የቤት ሥራ ሰጠችኝ» አሉ አባ ቸር ለራሳቸው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ጥያቄ ጠየቁ። «የታመሙት መኖ ከተዉ ግን በመኖ የሚሰጠው ምን ይረባቸዋል?»

«ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ አጎቴ። መብላት ላቆመው አይደርስለትም። ለዚህ ነው በጊዜ መጥራት ያለብዎት፤ ባክቴሪያ መሆኑንም መርምረን ማወቅ ያለብን። ሌላ በሽታ ከሆነ ይህ መድኃኒት ዋጋ የለውም። የእርስዎ ዓሦች አሁንም እየበሉ ነው።»

«የእኔስ?» አለች ሴትዮዋ።

ወጣቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ታች ሄዳ የሴትዮዋን ኩሬ አየች። መኖ በተነች። መኖው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ፤ የሚነካው ጠፋ። ስትመለስ ፊቷ ሁሉን ነገር ይናገር ነበር።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም። የእርስዎ ዓሦች አይተርፉም። ኩሬው መፍሰስ የለበትም፤ ከፈሰሰ የታችኞቹን ይፈጃል። ዓሦቹ ተለቅመው ይቀበሩ፣ ውሃውና ጭቃው በኖራ ይታከም፣ ከዚያ ኩሬው ይድረቅ፣ ፀሐይ ይምታው።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና መረብ ልታመጣ ሄደች። አባ ቸር ተከተሏት። «ይመለሱ» አለቻቸው፤ አልተመለሱም። ያን ቀን እስኪመሽ የሞቱትን እየለቀሙ ጉድጓድ ሲምሱ ዋሉ። እኔም ከዓሣ ገበያዬ ቀርቼ አካፋ ይዤ ቀረሁ። በመሐል አባ ቸር ወጣቷን ጠሯት።

«እንዲህ ከሆነ ቸር ሰው በምን ይታወቅ?»

«በር በመዝጋት፣ አጎቴ።»

በማግሥቱ አባ ቸር አንድ የመንደሩን ግንበኛ አስመጥተው በሩን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈኑት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የተጠራጠረ ሰው ሲያምን ከማንም በላይ ተቆጪ ይሆናል መሰለኝ፤ አባ ቸር ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች እየዞሩ ባለ ኩሬውን ሁሉ አስጨነቁት። «ዝጋ! አንተ ንፉግ ሁን፣ ዝጋ!» ሲሉ የሰማ እንግዳ ያበዱ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ኩሬ ውሃ በቀጥታ በቁልቁለቱ ጎን ከሚወርደው ቦይ የሚቀዳበትና የራሱን ውሃ ለብቻው የሚያወጣበት መንገድ እስኪያገኝ አልተኙም። የተረፈውን ቢጫ ዱቄት ኩሬ ውስጥም ሆነ ቦይ ውስጥ ሳይደፉ ለሚያስወግደው አካል አስረከቡ። እኔ ዓሣ ፍለጋ ብመጣ ከሩቅ አይተውኝ «ተመለሺ! መድኃኒቱ ከሥጋቸው አልወጣም!» ብለው እንደ ሌባ አባረሩኝ። ተናድጄ ነው የተመለስኩት፤ ቢሆንም ልክ ነበሩ።

የእሳቸው ዓሦች ዳኑ። ሁሉም አይደሉም፤ መኖ የተዉት ሞቱ፣ የሚበሉት ተረፉ። ከቦታው መስፋት የተነሳ ከድሮው ይልቅ ወፈሩ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ኩሬ በሽታ ሲገባ እዚያው ታይቶ፣ ተመርምሮ፣ እዚያው ይታከማል፤ ወደ ጎረቤት አይወርድም። ባክቴሪያ የተገኘው ለምርመራ በቀረበው ዓሣ ሁሉ ላይ አይደለም፤ ውሃ በማደስ ብቻ የዳነም አለ። መድኃኒቱ ለሚያስፈልገው ቀን ስለሚቀመጥ በተሰጠ ጊዜ ይሠራል። ገዢውም ሥጋ እንጂ መድኃኒት አይበላም። ይህን ሁሉ ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ያለውን በልክና በጊዜው መስጠት ነው። አንድ ልማድ መልካም ስም ስላለው ብቻ መልካም ነው ብለን እንዳንቀመጥ ይህን ጻፍኩ። የማናውቀውን ነገር ከማካፈል መጠየቅ ይቀድማል።

ሴትዮዋ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ልጆቿን አበላች። አባ ቸርን መንገድ ላይ ስታገኛቸው አንገቷን ታዞራለች። ኩሬዋ ደርቆ፣ ታክሞ፣ አዲስ ውሃ በገባበት ጠዋት እኔም እዚያ ነበርኩ። አባ ቸር ከራሳቸው ኩሬ ምርጥ ምርጡን የዓሣ ጫጩት በሁለት ትልልቅ በርሜል ሞልተው፣ በጋሪ እየገፉ፣ ላብ በላብ ሆነው ደጇ ደረሱ።

«እህቴ፣ ያጠፋሁትን አልመልስም» አሉ ቆባቸውን አውልቀው። «ይህን ግን ከእኔ ተቀበይኝ። ከልቤ ነው።»

ሴትዮዋ በርሜሎቹን ከፍታ አየች። ጫጩቶቹ እንደ ጉንዳን ይራወጣሉ፤ ጤናቸው ያስቀናል። እጇን ወደ ውሃው ሰደደች፤ ሳትነካው መለሰችው። ክዳኑን ገጠመች።

«ልብዎንማ ድሮም አውቀዋለሁ፣ አባ ቸር» አለች። «ቸርነትዎን ግን መጀመሪያ ልጅቷ ትመርምረው።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ፤ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጋሪውን አዙረው የወንድማቸውን ልጅ ሊጠሩ ሄዱ።